የ2,000 ቃል ትእዛዝ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያየሁት የአንዲት ጸሐፊ ጉዳይ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ቤቴ መጣች። የምንኖረው አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ አጥር ለአጥር ነው። ልጅቷ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቃለች። ከእናቷ ጋር ግቢያቸው ውስጥ ስልሳ የሚሆኑ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረባሉ። በተረፋት ጊዜ ደግሞ መኖና የዶሮ ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ድርጅት ድረ ገጽ በአማርኛ ትጽፋለች፤ የሚከፈላት በቃል ብዛት ነው። እኔ የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራትና በመጠገን ስለሆነ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ" ብላ ከድርጅቱ የመጣላትን መልእክት አሳየችኝ።

መልእክቱ አጭር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከ2,000 ቃል በታች ለሆነ ጽሑፍ አይከፈልም፤ የቀድሞዎቹም ረዝመው እንደገና ይቅረቡ፤ ጎግል ረጅም ጽሑፍ ነው የሚያስቀድመው ይላል። እስከዚያ ድረስ አሥራ አንድ ጽሑፍ ጽፋለች፤ 2,000 ቃል የሚሞላው አንዱ ብቻ ነው።

ልጅቷን ያስጨነቃት የሥራው ብዛት አልነበረም። "የፈንግሉን ጽሑፍ በ380 ቃል ጨርሼዋለሁ። የቀረ ነገር የለም። ምን ጨምሬ ነው 2,000 የማደርሰው?" ነው ያለችኝ። ፈንግል ዶሮ የሚፈጅ በሽታ ነው። እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ያህል አብረን ጽሑፎቹን እየለዋወጥን፣ እየጠበቅን፣ በሰርች ኮንሶል (ገጹ በየትኛው ፍለጋ ስንተኛ እንደወጣ ጎግል ለባለቤቱ የሚያሳይበት መሣሪያ) እያየን ቆየን። ያየነውን በዝርዝር የምጽፈው በቃል እየተከፈላቸው በአማርኛ የሚጽፉ ልጆች ብዙ ስለሆኑና ይህ ትእዛዝ እነሱም ጋ ስለሚደርስ ነው።

ትእዛዙ ከየት መጣ

ድርጅቱ ቁጥሩን ከራሱ አላመጣውም። ብራያን ዲን የመሠረተው ባክሊንኮ የተባለ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮን የጎግል ፍለጋ ውጤቶችን መርምሮ፣ በመጀመሪያው ገጽ የሚወጡ ጽሑፎች በአማካይ 1,890 ቃል እንዳላቸው አሳተመ። ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ 2,000 ሆነ፤ ከዚያም እንደ ሕግ ተያዘ። ያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥናቱን በ11.8 ሚሊዮን ውጤቶች ላይ ሲደግመው አማካዩ 1,447 ሆኖ ተገኘ፤ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ባሉት ውጤቶች መካከልም በቃል ብዛት የጎላ ልዩነት አላየም። የመጀመሪያውን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ደንበኛ ብዙ ገጥሞኛል፤ ሁለተኛውን የጠቀሰልኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ከዚያም በፊት ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ጎግል በፍለጋው አሠራር ላይ ፓንዳ የተባለውን ለውጥ አምጥቶ ፍሬ የሌላቸውን፣ በጅምላ የሚመረቱ ጽሑፎችን ወደ ታች አወረደ። ብዙ ሰው ከዚህ የተረዳው "ስስ ጽሑፍ ይጎዳል" የሚለውን ነው፤ ስስ ማለት ደግሞ አጭር ማለት መሰለው። በስድስት መቶ ቃል ምንም ሳይናገሩ መጨረስ እንደሚቻል ግን ሁላችንም አንብበን እናውቃለን።

ጎግል ራሱ በዚህ ላይ ያለው ግልጽ ነው። ጆን ሙለር የተባለው የፍለጋ ክፍሉ ባለሙያ የቃል ብዛት ለደረጃ መለኪያ እንዳልሆነ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። ጎግል ለጸሐፊዎች ባወጣው መመሪያም፣ "ጎግል የሚመርጠው የቃል ብዛት አለ ሲባል ሰምታችሁ ያንን ለመሙላት ነው ወይ የምትጽፉት?" የሚል ሐሳብ ያለው ጥያቄ አስፍሮ፣ እንዲህ ያለ ብዛት እንደሌለ እዚያው መልሷል።

ታዲያ አማካዩ ለምን ረጅም ሆነ? እኔ ለልጅቷ ያስረዳኋት በቤት ነው። ቦሌ ያሉ ቤቶች በአማካይ ከእኛ ሰፈር ቤቶች ይሰፋሉ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሁለት ክፍል ብጨምር ግን ቤቴ ቦሌ አይገባም። ረጅም ጽሑፍ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ አቅም ያላቸው፣ የቆዩና የታወቁ ድረ ገጾች ናቸው። ሌሎች ሰዎች ወደ እነሱ ሊንክ ያደርጋሉ። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲያስተዋውቁ ዋናው አዲስ ሐሳባቸው ይኸው ሊንክን እንደ ምስክር መቁጠር ነበር። ርዝመቱና ደረጃው አብረው ቢታዩም አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሙያዬ ውስጥ እንኳ ብዙ የማይነገር ስለሆነ። የፍለጋ ሳይንስ ረጅም ጽሑፍን ከጥንቱም በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ቃል በጥቂት ሰነዶች ብቻ ሲገኝ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አሳየች። በ1990ዎቹ ደግሞ ስቲቨን ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ ቢኤም25 የተባለውን ቀመር ሲሠሩ፣ የሰነዱ ርዝመት ከአማካዩ በበለጠ ቁጥር ነጥቡ እንዲቀነስ አደረጉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ብዙ የሚያወራ ሰነድ የተፈለገውን ቃል ደጋግሞ ስለሚጠራ ብቻ መቅደም የለበትም። የዛሬው ጎግል ከዚያ እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ቃል በመደርደር ማሸነፍ እንዳይቻል መሞከር የተጀመረው ግን ጎግል ከመፈጠሩ በፊት ነው።

2,000 በማን ቋንቋ?

እነዚህ ቁጥሮች የእንግሊዝኛ ቁጥሮች ናቸው። ከልጅቷ ጽሑፍ አንድ ቃል ላንሳ፦ "ካልሞቃቸው"። በአማርኛ አንድ ቃል ነው። በውስጡ ሁኔታው አለ፣ አሉታው አለ፣ ግሡ አለ፣ ጫጩቶቹም አሉ። ያንኑ በእንግሊዝኛ ለማለት አምስት ስድስት ቃል ይፈጃል። "ስለማይጠጡላት" ብትል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ 2,000 ቃል የሚፈጅ ጉዳይ በአማርኛ ሲጻፍ በብዙ ያንሳል፤ አማርኛውን 2,000 ለማድረስ ከእንግሊዝኛው የሚበልጥ ነገር መናገር፣ ወይም ያለውን መደጋገም ነው። ጸሐፊዎቻችን የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው፤ አልፈርድባቸውም፤ የሚከፈላቸው በዚያ ነው።

መደጋገሙ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። "ማድረግ ይኖርበታል" በማለት ፈንታ "ማድረግ ይኖርበታል ማለት ይቻላል"። "እንደሚታወቀው"፣ "ከዚህ በተጨማሪም"፣ "ከላይ እንደተጠቀሰው"። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ "ዶሮ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ" ብሎ የሚጀምረው ሦስት አንቀጽ ነው።

የጫጩቱ ጽሑፍ

ከአሥራ አንዱ ረጅሙ ይህ ነበር፤ 2,140 ቃል። ስለ አንድ ቀን ጫጩት አያያዝ ነው። "የጫጩት አስተዳደግ" ተብሎ ሲፈለግ ሦስተኛ ገጽ ላይ ይወጣል። በድርጅቱ ሐሳብ ግን ምሳሌ የሚሆነው እሱ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ምሽት ልጅቷ ቤት ቡና ላይ ሳለን መብራት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የሰፈራችን እናት በስልካቸው ብርሃን እየመሩ መጡ። ያን ቀን ከቢሾፍቱ ሃያ አምስት ጫጩት አስመጥተዋል። ልጅቷ አስቀድማ የጽሑፉን ሊንክ በቴሌግራም ልካላቸው ነበር።

"ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ምን አድርጉ ነው ያልሽው? እያነበብኩት ነው፣ አላገኘሁትም።"

"አለ እኮ እትዬ፣ ወደ ታች ይውረዱ።"

እሳቸው አውራ ጣታቸውን እያሸሹ ወረዱ። የዶሮ ታሪክ አለፈ። የዶሮ ጥቅም አለፈ። የዝርያ ዓይነቶች አለፉ። ገጹ ሥዕል ለማምጣት ቆም ሲል ዳታቸው እንዳያልቅ ፈርተው ስልኩን ለልጅቷ ሰጧት። እሷ ራሷ የጻፈችውን እየፈለገች ወረደች፤ አሥራ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ አገኘችው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ በአፏ ነገረቻቸው፦ "ውሃ ያፍሉ፣ ጀሪካን ውስጥ ሞልተው በደንብ ይክደኑት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ካርቶኑ መሃል ያስቀምጡ። ጫጩቶቹ ተጠግተው ይከቡታል። ከሰል ግን ዝግ ክፍል ውስጥ እንዳያስገቡ፣ ለእርስዎም ለነሱም መርዝ ነው።" ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እናትየዋም ሮጠው ሄዱ።

ልጅቷ ያን ሌሊት አልተኛችም መሰለኝ፤ በማግስቱ ጽሑፉን 870 ቃል አድርጋ አመጣችው። መጀመሪያው ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን እንዳለበት፣ በየሳምንቱም ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ እንደሚሄድ አስቀመጠች። ቴርሞሜትር ለሌለው ደግሞ፦ ጫጩቶቹ ተደራርበው ከተጠጉ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ቀጥሎ "መብራት ሲጠፋ ጫጩት እንዴት ይሞቃል" የሚል ንዑስ ርዕስ። የዶሮ ታሪኩ ወጣ።

እንግዲህ ውጤቱ፦ "የጫጩት አስተዳደግ" በሚለው ፍለጋ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልተነቃነቀም። ሦስተኛ ገጽ ነበር፣ ሦስተኛ ገጽ ቀረ። ከግማሽ በላይ ስናሳጥረው አልወደቀም፤ አልወጣምም። እኔ በልቤ ይወጣል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። የተለወጠው ሌላ ቦታ ነው። ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ብርድ የሚጠይቁ ፍለጋዎች፣ ከዚህ በፊት ገጹ ጭራሽ የማይታይባቸው፣ ሰርች ኮንሶል ላይ መታየት ጀመሩ፤ በነዚያም ገጻችን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። መልሱ ድሮም በጽሑፉ ውስጥ ነበር። ሰው በሚጠይቅበት ቃል ርዕስ ያገኘው ግን አሁን ነው።

ቀጥዬ እኔ የሌሎቹን አሥር ጽሑፎች ከፍቼ ጫጩት በተነሳበት ቦታ ሁሉ ወደዚህ ገጽ ሊንክ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ፍለጋ ወደ ሁለተኛ ገጽ ከፍ ያለው። ጽሑፉ ላይ በዚያን ጊዜ አንድ ቃል አልጨመርንም፣ አልቀነስንም።

ፈንግል፤ የተሳሳትንበት

ከሁሉ ያስተማረን ይህ ነው። 380 ቃሉ ጽሑፍ ርዕሱ "ፈንግል፦ ምልክቱና መከላከያው" ነበር። "ፈንግል" ብሎ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይወጣ ነበር። ድርጅቱ ግን አጭር ነው አለ። ልጅቷም ክፍያዋ ስለታገደ ወደ 2,030 ቃል አሳደገችው። በዚያው ላይ ድርጅቱ ርዕሱ "ሙያዊ" እንዲሆን ጠይቆ ባለሙያዎች ፈንግልን በሚጠሩበት ስም "የኒውካስል በሽታ፦ የተሟላ መመሪያ" ተባለ።

በሳምንታት ውስጥ ወደ ሁለተኛ ገጽ ወረደ። ልጅቷ "አየሽ፣ ማስረዘሙ ነው የገደለን" እያለች ለእናቷ ስትናገር ሰምቻለሁ፤ እኔም አመንኳት። የምንፈልገውን መልስ ስለሰጠን ጥያቄ አላነሳንበትም። ቆይቼ ነው ሁለት ነገር በአንድ ቀን መለወጣችን የታወሰኝ። ርዝመቱም ተለውጧል፣ ርዕሱም ተለውጧል። ጥፋተኛው የትኛው ነው?

ስለዚህ ረጅሙን ጽሑፍ እንዳለ ትተን ርዕሱን ብቻ መለስነው፤ "ፈንግል" ከፊት ገባ። ከዚያ አምስት ሳምንት ምንም ሳንነካ ጠበቅን። ጽሑፉ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፤ 2,030 ቃሉን እንደተሸከመ።

አርሶ አደሩም፣ የሰፈር እናቶችም በሽታውን ፈንግል ነው የሚሉት። ኒውካስል የሚለውን ስም የሚያውቀው ክትባቱን የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ርዕሱ ላይ ያለውን ስም ስንቀይር የሰውን ቋንቋ ትተን ነበር፤ የወረድነው በዚያ ነው። ርዝመቱ በዚህ ጽሑፍ አልጎዳንም፤ አልጠቀመንምም። 1,650 ቃል ተጨምሮ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት፣ የሴት ልጅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ገጹ ከነበረበት አልተላወሰም። ልጅቷ ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ርዝመቱ ቢጎዳን ኖሮ ክርክሩ ይቀላት ነበር።

በመጨረሻ ወደ 640 ቃል አመጣችው። ከቀድሞው የበለጠው 260 ቃል ሰው በእርግጥ የሚጠይቀው ነው፦ በሽታው ከገባ በኋላ መከተብ ያድናል ወይ (የታመመችውን አያድናትም፤ ቫይረስ ስለሆነ ፈውስ የሚሆን መድኃኒት የለውም)፤ የሞቱትን ምን እናድርጋቸው (ይቀበሩ ወይም ይቃጠሉ፤ ሜዳ ላይ አይጣሉ)፤ አዲስ ዶሮ ሲገዛ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው ይቀላቀል ወይ (አይቀላቀል)። ቦታው አሁንም ያው የመጀመሪያው ገጽ ነው።

ማደግ የነበረበት

ሁሉም ጽሑፍ አጭር ይሁን ማለቴ አይደለም። ስለ መኖ ቅንብር የጻፈችው 510 ቃል ነበር፤ ያም አነሰ። የጫጩት፣ የታዳጊና የእንቁላል ጣይ መኖ የተለያየ ነው፤ ለጫጩት ፕሮቲኑ 20 በመቶ ገደማ ሲሆን ለእንቁላል ጣይ ከ16 እስከ 17 በመቶ ይበቃል፤ በምትኩ ለቅርፊቱ ካልሲየም በብዛት ትፈልጋለች። በቆሎው ስንት፣ የኑግ ፋጉሎው ስንት፣ አኩሪ አተሩ ስንት፣ ኖራ ድንጋዩ መቼ ይጨመራል፣ የሻገተ በቆሎ ለምን አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስትጨርሰው 1,760 ሆነ፤ ከብዙ ፍለጋዎች ሰው ያመጣ ጀመር፤ በዋናውም ፍለጋ ከፍ አለ። ድርጅቱ "አላልኳችሁም?" ብሎ ነበር። እኛ የምናየው ግን ስምንት ጥያቄ የተመለሰበት ገጽ ነው፤ ቃሉ የበዛው ጥያቄው ስለበዛ ነው።

ከዚህ ሥራ ጋር የሚሄድ አንድ ጥንቃቄ ልናገር። ሰርች ኮንሶል እጅግ ጥቂት ሰው የጠየቃቸውን ፍለጋዎች ለግላዊነት ሲል ይደብቃል። በአማርኛ የሚፈልገው ሰው ገና ጥቂት ስለሆነ ከእኛ የሚደበቀው ብዙ ነው። አንዱን ነገር ደግሞ ሰው በብዙ መልክ ይጽፈዋል፤ "እንቁላል" እና "ዕንቁላል"፣ "እርባታ" እና "ርባታ"፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከኮንሶሉ ይልቅ ደብተር ይዛ ዶሮ የሚያረቡ ጎረቤቶቿ የሚጠይቁትን በራሳቸው ቃል መጻፍ ጀመረች። ደብተሩ ከኮንሶሉ የተሻለ አገለገለን።

ክፍያው

ጥር ላይ ያየነውን በሁለት ገጽ አዘጋጅተን ወደ ድርጅቱ ሄድን። ያነጋገሩን ኃላፊ በጥሞና አዳመጡን፤ ከዚያ "ሁሉም የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ በቃል ካልቆጠርን በምን እንቆጥራለን?" አሉ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። ሥራውን ያልለካ ደንበኛ ይበዘበዛል። የልጅቷ መልስ ደብተሯን ከፍቶ ማሳየት ነበር፦ "በጥያቄ ቁጠሩልኝ። ከመጻፌ በፊት የምመልሳቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር እልካለሁ፤ እናንተ ታጸድቃላችሁ፤ ያልተመለሰ ካለ አትክፈሉኝ።"

ወዲያው አልተቀበሏትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ለሙከራ በጥያቄ ብዛት በሦስት እርከን እንክፈል አሉ፤ ነባሮቹን ማስረዘሙም ቆመ። 2,000 ቃሉ ለሌሎቹ ጸሐፊዎቻቸው እንደጸና ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

በአዲሱ ውል የመጀመሪያው ሥራ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ቦቫንስ ብራውን የተባለችው እንቁላል ጣይ ዶሮ ስንት ሳምንት ሲሆናት እንቁላል ትጀምራለች? ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ፤ ዘግይታ ከሆነም መጀመሪያ መኖዋንና የምታገኘውን የብርሃን ሰዓት እዩ ብላ ጻፈች። በ210 ቃል አለቀ። የቴሌብር መልእክቱ የገባላት ግቢያቸው ውስጥ እንቁላል እየሰበሰበች ሳለ ነው። በአጥሩ ላይ ስልኳን ዘርግታ አሳየችኝና፣ "ጋሼ፣ ሙሉውን ከፍለዋል" አለችኝ።